ሰይድ የሮጠው ማራቶን፦ ከሐይቅ እስከ አምባሰል

ቅዳሜ፣ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል፤ ደሴ

የጥር ብርድ ደሴ ላይ ቀልድ አያውቅም። መናኸሪያው በር ላይ ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ ቆሜያለሁ። ረዳቱ «ሐይቅ! ሐይቅ! ሁለት ሰው!» እያለ ይጣራል፤ ገብቼ ስቆጥር ባዶው ወንበር ሰባት ነው። ከአጠገቤ ዶሮ የታቀፉ ሴት ተቀመጡ። ከፊቴ ሁለት ወታደሮች አሉ፤ አንደኛው ክንዱ በፋሻ ታስሯል። ሠላሳ አምስት ብር ከፍዬ እስክንነሳ እጠብቃለሁ።

የጋዜጣው አዘጋጅ «ስለ ማራቶን አመጣጥ ጻፍልን፤ ደረቅ እንዳይሆን ከጉዞ ጋር አዋዛው» ብሎኛል። እኔ የስፖርት መምህር ነኝ፤ በትርፍ ጊዜዬ ስለ ሩጫ እጽፋለሁ። አቴንስን፣ ቦስተንን፣ ለንደንን፣ በርሊንን፣ ቶኪዮን መንገድ በመንገድ አውቃቸዋለሁ። የትኛው ኪሎ ሜትር ላይ ዳገት እንዳለ፣ የትኛው ላይ ነፋስ እንደሚመታ እነግራችኋለሁ። አንዳቸውንም ግን አላየሁም። ማራቶንን የማውቀው ድግስ ቤት ደጃፍ እንደተኛ ውሻ ነው፤ ሽታው ይደርሰኛል፣ ሥጋው አይደርሰኝም።

ወደ ሐይቅ የምሄደው ደግሞ ለጋዜጣው ብዬ ብቻ አይደለም። ስልክ እንደተከፈተ እናቴ ደውላ «በሐይቅ በኩል ና። ሰይድን ይዘኸው ና። የምሥራቹን ሳልሰጠው እንዳልሞት» አለችኝ። እናቴ የምትኖረው ከውጫሌ በላይ፣ አምባሰል ጥግ ነው። ጦርነቱ መንገዱንም ስልኩንም በዘጋ ጊዜ ስለ እኔ «አለባቸው ደሴ ላይ ሞቷል» የሚል ወሬ መንደራችን ገባ፤ ሽማግሌዎችም በማለዳ ሄደው መርዶ ነገሯት። ለቅሶ በተቀመጠች በሦስተኛው ቀን ሰይድ ከሐይቅ ሮጦ ደረሰና «በሕይወት አለ» አላት።

ሰይድ ማን እንደሆነ ልንገራችሁ። በወጣትነታችን በሐይቁ ዳር አብረን እንሮጥ ነበር። አውሮፓ ለሚላክ አንድ ሯጭ ቦታ ሁለታችንን ሲያወዳድሩን ቀደመኝ። በምን ያህል ቢባል በስድስት እርምጃ። እሱ አውሮፓ ሄደ፣ እኔ መምህራን ኮሌጅ ገባሁ። እዚያ አሯሯጭ ሆኖ ብዙ ሠራ፤ አሸናፊው ፊቱን በቴሌቪዥን ከማሳየቱ በፊት ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ከፊት እየሮጠ ፍጥነቱን የሚጠብቅ፣ ከዚያ ዞር የሚል ሰው ማለት ነው። ለውጥ መጣ ተብሎ ሰው ሁሉ ወደ አገሩ በገባበት ሰሞን እሱም ተመለሰና ሐይቅ ላይ ዓሣ ቤት ከፈተ። ውጭ በቆየባቸው ሃያ ዓመታት ስሙ በተነሳ ቁጥር ቅናት ያቃጥለኝ ነበር።

አሁን የሚያስጨንቀኝን ልናገር። ደሴ ልትያዝ አንድ ቀን ሲቀራት፣ ከዚሁ መናኸሪያ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚሸሽ ሕዝብ አንድ ኢሱዙ ላይ ይጋፋ ነበር። እኔ ቀድሜ ወጥቻለሁ። ከጎኔ አንድ ሰው የሚይዝ ክፍተት አለ። ሕዝቡ መካከል ሰይድን አየሁት። ዓይን ለዓይን ተያየን። እጄን መዘርጋት እችል ነበር፤ ፊቴን አዞርኩ። ክፍተቱን አንድ የማላውቀው ሰው ያዘው፣ መኪናው ተነሳ። ለእናቴ በሕይወት አለ ብሎ ሊነግራት የቻለው ያን ዕለት ስላየኝ ነው። ፊቴን ሳዞርም አይቶ ይሆን? አይቶስ ለእናቴ ነግሯት ይሆን? ይህን ይዤ ነው የተሳፈርኩት።

ጠዋት 2 ሰዓት፤ ሐይቅ

ቁልቁለቱን ስንወርድ ሐይቁ በቀኝ በኩል ብቅ ይላል። ከመንገዱ ዳር የተቃጠለ ከባድ መኪና አለ፤ አንድ ሰው የታጠበ ልብሱን አስጥቶበታል። ከተማው ውስጥ ባጃጆች ይንጫጫሉ። ግማሹ ሱቅ ተከፍቷል፣ ግማሹ በሩ ተገንጥሎ በቆርቆሮ ተሸፍኗል።

የሰይድ ዓሣ ቤት ሦስት ጠረጴዛና አንድ ትልቅ መጥበሻ ነው። እሱ ያው ነው፣ ቀጭን፣ ጉንጩ የገባ፣ ሆድ የሚባል ነገር ያልፈጠረበት። እኔ ግን ከመኪናው ስወርድ ቀበቶዬን ማስተካከል ነበረብኝ። አቀፈኝ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ወፍረሃል» አለኝ። ለማመስገን ነው ያለው፤ እኔ ግን እንደ ስድብ ቆጠርኩት።

ባለቤቱ ዘይነባ የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ ከአዋዜ ጋር አቀረበችልን። ግድግዳው ላይ ሲሮጥ ደረቱ ላይ የለጠፋቸው ቁጥሮች በሚስማር ተመትተዋል፤ ከአቴንስ፣ ከበርሊን፣ ስሟን ካላነበብኳት ከአንዲት የጣሊያን ከተማ። ዓሣውን ትቼ እነሱን አየሁ።

«ሜዳሊያዎቹስ የት አሉ?» አልኩት።

«ተወሰዱ። ከማቀዝቀዣው ጋር።»

«ቁጥሮቹን እንዴት ተዉልህ?»

«ወረቀት ምን ያደርግላቸዋል።»

ደስ አለኝ። ይህን ሳልጽፈው ባልፍ ማንም አያውቅብኝም ነበር፤ ግን ደስ አለኝ። ሰው ቤቱ ተዘርፎ እያወራኝ እኔ ውስጤ ሲስቅ ሰማሁት። ከዚያ አፈርኩና ዓሣዬን መብላት ጀመርኩ።

አቴንስ ላይ አሯሯጭ አልነበረም፤ እስከ መጨረሻው ሮጧል። እንዴት ነው ብዬ ስጠይቀው መጥበሻውን እያገላበጠ «ዳገቱ አያልቅም፤ የኛን አገር ዳገት ነው የሚመስል። መጨረሻው እብነ በረድ ስታዲየም ነው። ደክሞህ ስትቀመጥበት ይቀዘቅዝሃል» አለኝ። እኔ ስለዚያ ስታዲየም ሦስት ጊዜ ጽፌያለሁ። እንደሚቀዘቅዝ አላውቅም ነበር።

አዘጋጁ የጠየቀኝ የማራቶን አመጣጥ እዚሁ ላይ ይግባልኝ። ታሪኩ ሁለት ዓይነት ነው። በቀደመው ታሪክ የግሪኩ መልእክተኛ ጦር መጣብን ብሎ እርዳታ ሊለምን ከአቴንስ ወደ ስፓርታ ይሮጣል። ከዘመናት በኋላ የጻፉት ደግሞ ከማራቶን ሜዳ ወደ አቴንስ አስሮጡት፤ «ድል አድርገናል» ብሎ ወድቆ ሞተ አሉ። ዓለም የወደደው ሁለተኛውን ነው፤ የለማኝ ሩጫ ማን ያከብራል? በዘመናዊው ኦሊምፒክ መጀመሪያ ያሸነፈውም ውኃ አመላላሽ የነበረ ግሪካዊ ነው። ርቀቱ ያኔ አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ኋላ ለንደን ላይ መነሻው ከቤተ መንግሥቱ፣ መድረሻው ከንጉሣውያኑ መቀመጫ ፊት ይሁን ተባለና 42 ኪሎ ከ195 ሜትር ሆኖ ቀረ። ይኸው እስከ ዛሬ የዓለም ሯጭ ሁሉ ለእንግሊዝ ንጉሣውያን ምቾት ሁለት ኪሎ ሜትር ጨምሮ ይሮጣል።

ስንወጣ ዘይነባ «አያ አለባቸው፣ እባክህ ይዘኸው ሂድ። የእናትህ የእማማ የሺ ስልክ ሰላም አልሰጠንም፤ እሱ ደግሞ የምሥራች መቀበል ያፍራል» አለችኝ።

«አብሽሪ፣ እየሄድኩ አይደል» አላት ሰይድ።

4 ሰዓት፤ ከሐይቅ ወደ ውጫሌ

ሚኒባሱ ውስጥ ሰይድን መስኮት በኩል አስቀመጥኩት። የሮጠበትን መንገድ እንዲያሳየኝ ነው። ለጽሑፉ ነው አልኩት። እውነቱን ለመናገር ርቀቱን ልለካበት ነው። ከሐይቅ እስከ መንደራችን በአስፋልቱ ማራቶን አይሞላም፤ ይህን አውቃለሁ። ሳይሞላ እንዲቀርም ተመኝቻለሁ።

«እዚች ጋ አስፋልቱን ለቀቅሁ» አለ በጣቱ እያሳየ። «ኬላ ነበረበት። በዚያ ሸንተረር ዞርኩ፣ ከወንዙ ወረድኩ፣ እዚያ ማዶ ወጣሁ።»

በልቤ ደመርኩ። ዙሪያው ብቻ ብዙ ነው። ይሞላል፤ ሳያልፍም አይቀር።

«ስንት ሰዓት ፈጀብህ?»

«ንጋት ሱብሒ ሰግጄ ወጣሁ፣ ቀትር ለዙህር ደረስኩ። ሰዓት አላሰርኩም፤ ሰዓት ያሰረ ይፈተሽ ነበር።»

«ማን ነገረህ ለቅሶ መቀመጧን?»

«አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ ከናንተ በኩል መጥታ። ‹የሺ ልጇ ሞቶባት ተቀምጣለች› አለችኝ። እኔ ደግሞ ሲወጣ አይቼዋለሁ። አይቼው ዝም ልበል?»

ሲወጣ አይቼዋለሁ ሲል ወደ እኔ አልዞረም፤ በመስኮቱ እያየ ነበር።

ከዚያ የነገረኝን እንዳለ ላስቀምጠው። «በሰላሙ ጊዜ ሰው ሲሮጥ ብታይ ስፖርተኛ ነው ብለህ ታልፋለህ። ያን ሰሞን የሚሮጥ ያየ ሁሉ ይሮጣል። ማሽላ የሚያጭዱት ማጭዳቸውን ጥለው ተነሱ። አንዷ ልጇን አዝላ እኩል ከኔ ጋር ትሮጣለች። ‹ደረሱ ወይ?› ትለኛለች። ቆሜ እንዳልነግራት ከቆምኩ እግሬ አይነሳም። ‹ምሥራች ነው፣ ምሥራች!› አልኩና አለፍኳት። ‹ምሥር ብላ!› ብላ እልል አለች። እልልታዋን ከማዶ ተቀበሏት።»

እኛ አገር ምሥራች ያለን ሰው መጀመሪያ ምሥር ብላ ይሉታል፤ የምን ብሎ መጠየቅ ከዚያ በኋላ ነው። ሰይድ ግን ለሁለተኛው ጥያቄ አይቆምም። በዚያ ሰሞን ደግሞ ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ምሥራች አንድ ብቻ ነበር፤ እርቅ።

«ውጫሌ አፋፍ ስደርስ አንድ ሽማግሌ በሬያቸውን ከተደበቀበት አውጥተው ሲነዱ አገኘኋቸው። አስቆሙኝ። ‹ልጄ፣ ሰማህ ወይ፣ ታርቀዋል አሉ› አሉኝ። ወላሂ፣ የኔኑ ምሥራች ነው ለኔ የሚነግሩኝ።»

«ምን አልካቸው?»

«ምሥር ይብሉ አልኳቸው። ምን ልበል?»

የሚኒባሱ ሰው ሳቀ። ሰይድ አልሳቀም። በማግስቱ ከባድ መሣሪያ ሲተኮስ ሰው ሁሉ ተመልሶ ዋሻ ለዋሻ መግባቱን፣ ሽማግሌው በሬያቸውን መልሰው ይደብቁ አይደብቁ እስከ ዛሬ አለማወቁን ነገረኝ። ይኸው ነገር ይከነክነዋል።

እኔ ያሰብኩት ሌላ ነበር። ቦስተን ላይ ሕዝብ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ቆሞ ያጨበጭባል፤ ጽፌዋለሁ። እልልታው ከፊቱ ቀድሞ የሮጠለት ሯጭ ግን አልሰማሁም። በዚያ ቀን እኔ አዲስ አበባ ካፌ ተቀምጬ ማኪያቶዬን እያማሰልኩ ዜና እጠብቅ ነበር። በአቴንሱ ሃያ ዓመት ቀንቻለሁ፤ በዚህኛው የቀናሁት ግን ከዚያ ሁሉ የባሰ ነው። አቴንስ የማንም መንገድ ነው። ይህ የእናቴ ቤት መንገድ ነው።

6 ሰዓት፤ ውጫሌ

ገበያው ደርቷል። ሽንኩርት፣ ማሽላ፣ ጤፍ፣ ከዓረብ አገር የመጣ ብርድ ልብስ። ወደ ሰሜን የሚሄዱ የወታደር መኪናዎች ገበያተኛውን ከሁለት ከፍለው ያልፋሉ። ጦርነቱ ከዚህ ወጣ እንጂ አላለቀም።

ወደ ዳገቱ ሥር የሚያደርሰን የባጃጅ ሾፌር ከሳዑዲ የተመለሰ ወጣት ነው። የምንጫወተውን ሰምቶ ኖሮ «ጋሼ፣ አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር ብላችሁ ነው እንዲህ የምታወሩት?» አለ። «እኔ ከባሕሩ ተሻግሬ የመንን በእግሬ ነው ያቋረጥኩት። ውኃ የሚያቀብል የለ፣ ሜዳሊያ የለ። ስጨርስ እስር ቤት አስገቡኝ።»

ሰይድ ትከሻውን መታ አደረገው። ከባጃጁ ወርደን ዳገቱን ተያያዝነው። እኔ አራት ጊዜ አረፍኩ፤ እሱ አራቱንም ጊዜ የሚጠብቀኝ ሳይመስል ጠበቀኝ።

9 ሰዓት፤ መንደራችን

እናቴ አጥሩ ሥር ቆማለች። እኔን አቅፋ አለቀሰች። እኔን ለቃ ሰይድን አቅፋ ግን ይበልጥ አለቀሰች፤ የቆየችበትን ጊዜ ልብ ብዬ አይቻለሁ።

ከተቀመጥን በኋላ ጎረቤቶች መጡ። እናቴ የዚያን ቀን ነገር ለመቶኛ ጊዜ መሆን አለበት ትተርከዋለች። «ለቅሶ ቤት ሰው እየሮጠ ምሥራች ሲል ጊዜ አብዷል አሉ። እኔ ግን መርዶ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም። መርዶ ቀስ ብሎ፣ ሽማግሌ አስከትሎ ነው የሚመጣ። ምሥር ብላ አልኩት፤ ፊቴን በጨርቅ እንደጠቀለልኩ።»

ጨዋታ ለመለወጥ የግሪኩን መልእክተኛ ታሪክ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ማን ምሥር ብላ አለው?» አለች።

«ማንም አላለው።»

«ምን ሰጡት?»

«ወዲያው ሞተ፣ እማዬ።»

«ታዲያ ምን ያድርግ፣ አይሞትም ወይ?» አለችና ተነሳች።

ከጓሮ ቀይ ጊደር እየጎተተች መጣች። ያችን ጊደር አውቃታለሁ፤ የአባቴ ላም ዘር ናት። እናቴ ጦርነቱን ሁሉ ከዋሻ ዋሻ እያዞረች ያተረፈቻት እሷን ብቻ ነው። ለእኔ ታስቀምጣታለች ብዬ ነበር የማስበው። ገመዷን በእጄ ሰጠችኝ።

«ከእጅህ ይቀበል» አለች። ከዚያ ወደ ሰይድ ዞራ «ቆይ እንጂ፣ ይህን ሳልጠይቅህ፤ ደሴ ላይ ስትተያዩ ምን ተባባላችሁ?» አለችው።

ገመዱ በእጄ ላይ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ያዳምጣል። ሰይድ መሬት መሬት እያየ «እሱ አላየኝም፣ እማማ። ሕዝቡ ብዙ ነበር» አለ።

ስለዚህ ፊቴን ሳዞር አይቷል። ያላየማ እንዲህ አይሸፍንም። ዝም ብል ነገሩ እዚያው ይቀበር ነበር፤ ጊደሯን አስረክቤ፣ ተመራርቀን እንለያይ ነበር። ግን እንዲህ አድርጎ ሲሸፍንልኝ በዚህም በለጠኝ፣ በዚህም ቀደመኝ አልኩ። እግዜር ያሳያችሁ፣ እውነቱን ያናገረኝ ጽድቅ አይደለም። በዚህ እንኳ እንዳይቀድመኝ ብዬ ነው።

«አይቼዋለሁ» አልኩ። «ከጎኔ ቦታም ነበር። ፊቴን አዞርኩ።»

«ለምን?» አለች እናቴ።

«ስለምቀናበት።»

ሰይድ «እማማ፣ ያን ጊዜ እኮ ማን ማንን...» ብሎ ሲጀምር «አንተ ዝም በል» አለችው። ነጠላዋን አስተካከለች። ፊቷ ላይ ያየሁትን አልጽፈውም።

«ገመዱን አትስጠው» አለችኝ። «ነገ ራስህ ነድተህ ሐይቅ ድረስ ታደርሳታለህ። በእግርህ። መኪና ላይ ከጫንካት አልመርቅህም።»

እሑድ፣ ንጋት 12 ሰዓት፤ ወደ ሐይቅ

ምርቃቷን ሳላገኝ ወጣሁ። ስትደርስ እመርቅሃለሁ ብላለች። ሰይድ ከፊት፣ ጊደሯ መካከል፣ እኔ ከኋላ። ውጫሌን አልፈን አስፋልቱን ያዝን። ጊደሯ መኪና በመጣ ቁጥር ትደነብራለች፤ ገመዱን ክንዴ ላይ ጠቅልዬዋለሁ። እኩለ ቀን ላይ ጫማዬ ሁለቱንም ተረከዜን ላጠው። ሰይድ በየጥላው ይቆምልኛል፣ ውኃ ያቀብለኛል፣ አያወራም።

መንገደኛ ሁሉ ይጠይቃል፤ ጊደር ነድቶ ወደ ገበያ ሳይሆን ከገበያ የሚመለስ ያስገርማል። «የምሥራች ናት» እላለሁ። አንዲት አሮጊት ግን በዚያ አላለፉኝም።

«የምን ምሥራች?» አሉ።

«ሞቷል ተብዬ ነበር፣ እናቴ። አልሞተም ብሎ ለነገረልኝ ሰው ነው።»

«የታለ ሰውዬው?»

አሳየኋቸው። ተጠግተው ሰይድን ግንባሩን ሳሙት፣ ረጅም ምርቃት መረቁት። እኔን «በል ንዳ፣ እንዳይመሽባችሁ» አሉኝ። ተረከዜ እየደማ እንኳ ቀናሁ።

11 ሰዓት፤ ሐይቅ

ስንደርስ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው። ዘይነባ ከበሩ ላይ ሆና እግሬን አየችና ምንም ሳትጠይቅ ውኃ ልታሞቅ ገባች። ከደጁ ግንብ ላይ ተቀመጥኩ። ገመዱን መፍታት አቅቶኝ ክንዴ ላይ እንዳለ ነው።

ሰይድ ከፊቴ ቁጢጥ አለ።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አለኝ። «ብትጠራኝም አልወጣም ነበር። ዘይነባ ከታመሙት አባቷ ጋር እዚህ ቀርታ ነበር። እህቴን አሳፍሬ ልመለስ ነው ደሴ የነበርኩ።»

ሰውነቴ ቀለል ሲለኝ ተሰማኝ፤ ወዲያው ግን ተመልሶ ከበደኝ።

«እኔ ግን ይህን አላወቅሁም» አልኩት።

ሊያጽናናኝ የፈለገ መሰለኝ፣ ከዚያም የተወው።

«አዎ» አለ። «አላወቅህም።»

ጎንበስ ብሎም ገመዱን ከክንዴ ላይ ቀስ እያለ ፈታ።